ሄልሜት ላይ «ያድግበታል» የለም

(አዲስ አበባ ውስጥ ለዴሊቨሪ ሞተረኞች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ሥልጠና ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አደራችሁ። ሻይ ያልደረሰው ካለ ይድረሰው፤ እኔም የያዝኩትን ሳልጨርስ አልጀምርም።

ስትገቡ በሩ ላይ ቆሜ እያየኋችሁ ነበር። 26 ናችሁ። ከ26ታችሁ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ማሰሪያውንም አስሮ የመጣው 11 ሰው ነው። 7ታችሁ አጥልቃችኋል፤ ማሰሪያው ግን እንደ ጉትቻ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። 5ታችሁ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ እንደ ባርኔጣ አናታችሁ ላይ አስቀምጣችሁታል። የቀራችሁት 3 ደግሞ ክንዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ነው የመጣችሁት። ክርናችሁ በሰላም ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አትሳቀቁ፣ ትራፊክ ፖሊስ አይደለሁም። ክንዳቸው ላይ ካንጠለጠሉት አንዱን ጠጋ ብዬ «ለምን?» አልኩት። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይወጋኛል፤ ከሳሪስ ቦሌ ሳልደርስ ራሴን ያመኛል» ብሎ የግንባሩን መሀል በጣቱ አሳየኝ። ማሰሪያውን ካላሰሩት አንዱንም ጠየቅሁት። «ባስረውስ? ያው ይዞራል» አለኝ። አንዱ ጠበበኝ አለ፣ ሌላው ሰፋኝ አለ። የሁለቱም ችግር ግን አንድ ነው፤ ሄልሜቱ የነሱ ጭንቅላት ልክ አይደለም። ዛሬ ሄልሜት አድርጉ ብዬ ልሰብካችሁ አልመጣሁም። ያንን ስትሰሙ ነው ያደጋችሁት። የመጣሁት ሄልሜቱ ራሳችሁ ላይ ስምንት ሰዓት ውሎ እንዳያማችሁ፣ በወደቃችሁም ቀን ጥሏችሁ እንዳይሄድ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ላሳያችሁ ነው።

እኔን ጥሎኝ ሄዷል፤ እሱን ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኛ አቆጣጠር፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የክትባት መድኃኒት በበረዶ ሣጥን ጭኜ ለጤና ጣቢያዎች አደርስ ነበር። ዴሊቨሪ በሉት፣ ልዩነት የለውም። ያማሃ ሞተር ተሰጠን፤ ከሞተሩ ጋር ሄልሜት መጣ። መሥሪያ ቤቱ 12 ሄልሜት ሲገዛ 12ቱም ኤክስ ኤል ነበሩ። ግዢ ክፍሉን ብንጠይቅ «ትልቅ ለሁሉም ይሆናል» አሉን። የኔ ጭንቅላት 57 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ኤክስ ኤል ማለት 61 እና 62 ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሥር የሱፍ ኮፍያ ደረብኩበት፣ ሞላ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ይሞቃል፣ አይቆረቁርም፣ ቶሎ ይወልቃል። ከዚያ የበለጠ የተመቸኝ ሄልሜት አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስሄድ ኮረኮንቹ ላይ የፊት ጎማው ከዳኝ። ፍጥነቴ ከ30 አይበልጥም ነበር። ወደቅሁ። ቀና ስል ሄልሜቴ ቁልቁል እየተንከባለለ ነው። አንድ እረኛ ልጅ ሮጦ ያዘውና «ጋሼ፣ ቆብዎ» ብሎ አመጣልኝ። ተቀብዬ ሳየው ማሰሪያው አልተፈታም። እንደታሰረ ነው አገጬን አልፎ የወጣው። እዚህ ቅንድቤ ላይ የምታዩት ጠባሳ የዚያን ቀን ነው፤ ሰባት ቦታ ተሰፍቷል።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ ይሄ ነው፤ ምቹ ማለት ሰፊ ማለት አይደለም። እኛ አገር ሁለቱ ይምታታሉ። ልጅ ሆነን ለመስከረም ዩኒፎርም ሲገዛልን እናቶቻችን «ያድግበታል» እያሉ ሁለት ቁጥር ያስበልጡ ነበር፤ እጅጌው ጣታችንን ውጦ እስከ ሰኔ ነው የምንጎተተው። ሄልሜት ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የናንተ ጭንቅላት ማደጉን ጨርሷል። የሚያድገው ሄልሜቱ ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ በመጀመሪያዎቹ 15 እና 20 የመንዳት ሰዓታት ይተኛል፣ የፊታችሁን ቅርጽ ይይዛል፣ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እንደ ትራስ የተመቻችሁ ሄልሜት ከአንድ ወር በኋላ ይዞራል። ሱቅ ውስጥ በትክክለኛው ቦታ ጨመቅ ያደረጋችሁ ደግሞ ከወር በኋላ መኖሩንም ትረሱታላችሁ። «በትክክለኛው ቦታ» ያልኩትን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ይህንን በብረት መጋዝ ለሁለት የሰነጠቅሁት ለናንተ ብዬ ነው፤ አሮጌ ነው፣ አትዘኑለት። አሳልፉት፣ ንኩት። የውጪው ጠንካራው ቅርፊት ነው፤ ይሄኛው ፕላስቲክ ነው፣ ውድ የሆኑት ፋይበር ግላስ ይሆናሉ። የውስጡ ጨርቅና ስፖንጅ ለምቾት ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ፎም፣ ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው። ስትወድቁ ይደቃል፤ እሱ ሲደቅ ጭንቅላታችሁ ቀስ ብሎ ይቆማል። አንዴ ከደቀቀ አይመለስም። ሎምባርድ እና ሮት የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይህን ሐሳብ ይዘው በ1953 እ.ኤ.አ. ፓተንት እስኪያገኙ ድረስ ሄልሜት ማለት ከሞላ ጎደል ጠንካራ ቆብ ነበር።

አሁን አስቡት። ፎሙ የሚሠራው ጭንቅላታችሁ ከተደገፈበት ነው። በጭንቅላታችሁና በፎሙ መሀል ክፍተት ካለ መጀመሪያ ሄልሜቱ አስፋልቱን ይመታል፣ ቀጥሎ እናንተ ሄልሜቱን ትመታላችሁ። በአንድ አደጋ ሁለቴ መጋጨት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የኔ ኋላው ላይ የአውሮፓ ምልክት አለው፣ ክብ ውስጥ ኢ የምትል ፊደል» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ተለጣፊው የውሸት ካልሆነ። ግን ያ ምልክት እንዴት እንደሚገኝ ልንገራችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ሄልሜቱን የብረት ጭንቅላት ላይ አጥልቀው ብረት ላይ ይጥሉታል። ለረጅም ዓመታት የተሠራበት ዋናው የመጣያ ፍጥነት በሰከንድ 7.5 ሜትር ነው። በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ከሦስት ሜትር ትንሽ ከሚያንስ ከፍታ እንደ መውደቅ። የብረቱን ጭንቅላት ግን ለሄልሜቱ በልኩ መርጠው ነው የሚያጠልቁት። የ57 ብረት ኤክስ ኤል ውስጥ ከትቶ የሚፈትን የለም። ፈተናውን ያለፈው ልኩን ያገኘ ጭንቅላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሄልሜት የመሞትን አደጋ ከ6 እጥፍ በላይ ይቀንሳል ሲል «በትክክል የተደረገ» የምትለዋን ቃል አይተዋትም።

በነገራችን ላይ ከሄልሜት ታሪክ ውስጥ የናንተ ሙያ አለበት። የዐረቢያው ሎረንስ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1935 እ.ኤ.አ. ያለ ሄልሜት ከሞተር ወድቆ ሲሞት ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩ አልወጣለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መልእክት የሚያመላልሱ ወታደር ሞተረኞችን ጉዳት እያጠና በ1941 እ.ኤ.አ. ጽፎ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹን በሥራ ላይ ሄልሜት አስገደዳቸው። ዴሊቨሪ እኮ ናቸው! ደብዳቤ ተሸክመው ነው።

እሺ፣ ወደ ልኬት። ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ የመጣኸው፣ ና እስቲ። አትፈር፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ በል። ይህ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ የብረቱን ሜትር አታምጡብኝ፣ አይጠመዘዝም። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል አስቀምጡ፣ ከጆሮ በላይ አሳልፉ፣ ከኋላ ጭንቅላቱ ይበልጥ በሚወጣበት በኩል አዙሩ። ሦስቴ ለኩ፣ ትልቁን ያዙ። የዚህ ልጅ 58 ነው። በብዙ ፋብሪካዎች አለካክ ኤስ 55 እና 56፣ ኤም 57 እና 58፣ ኤል 59 እና 60፣ ኤክስ ኤል 61 እና 62 ነው። ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የራሱን ሰንጠረዥ እዩ። የሱ ሄልሜት ምን ይላል? ኤም። ቁጥሩ ልክ ነው። ታዲያ ለምን ይወጋዋል?

ይህን ክር እዩ። 58 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ጫፍና ጫፉን አስሬዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ክብ አድርጌ ሳስቀምጠው ብርቱካን ይመስላል። ከሁለት ጎን ጫን ሳደርገው ፓፓያ ሆነ። ክሩ ግን ያው 58 ነው። ሜትር ዙሪያውን እንጂ ቅርጹን አይነግራችሁም። ጭንቅላታችሁ ከላይ ሲታይ ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ያለ ፓፓያ ሊሆን ይችላል፣ ዞር ያለ ብርቱካን ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ሰው በመሀል ነው። ሄልሜት ሠሪዎችም እንደዚያው ይለያያሉ። ረጅም ጭንቅላት ዞር ያለ ሄልሜት ውስጥ ሲገባ ግንባሩን ይወጋዋል፣ ጎንና ጎኑ ባዶ ይሆናል። ዞር ያለ ጭንቅላት ረጅም ሄልሜት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጆሮ ግንዱ ላይ እንደ ጉጠት ይይዘዋል። ጎንበስ በል እስቲ ልጄ፤ ከላይ በስልክ ፎቶ አንሱት። አያችሁ? ፓፓያ ነው። አትሳቁበት፣ የናንተን አላየነውም።

ጆሮ ግንዱን የሚይዘው ሰው አለ? አንተ? ስንት ነህ? ቁጭ በል... 58። ያንተም ኤም ነው፣ ፋብሪካው ግን ሌላ ነው። ሁለታችሁም ሄልሜታችሁ ወድቆበት አያውቅም? እሺ፣ ተቀያየሩና አጥልቁ። አሁን ምንም አትበሉ፤ ጉንጫችሁን ታቅፎ እንደያዘ እዚያው ቁጭ በሉ። ሰዓት ያዝኩ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ እጠይቃችኋለሁ።

20 ደቂቃ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አንድ ነጥብ ላይ የሚጫን ሄልሜት በመጀመሪያው ደቂቃ ራሱን አይናገርም። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ መሞቅ ይጀምራል፣ ከዚያ ሕመም ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሻጩ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሲያይህ ዓይኑ ይቀላል። ዘዴው ቀላል ነው። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ፣ ማኪያቶ ለሱም ለራሳችሁም እዘዙ፣ አጥልቃችሁ ስለ ኳስ አውሩት። ጎል እስኪቆጠር 20 ደቂቃ ይሞላል።

ስታወልቁ መስታወት እዩ። ፈረንጆቹ «ግንባራችሁ ላይ ቀይ ነጥብ ፈልጉ» ይላሉ። በኛ ቆዳ ቀይ ነጥብ ብትፈልጉ ብዙዎቻችሁ አታገኙም። በጣታችሁ ጫፍ ዳብሱ። የተጫነው ዙሪያውን እኩል ከሆነ ስስ መስመር ይሰማችኋል፣ ያ ደህና ነው። የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል የጎደጎደ ቦታ ካገኛችሁ፣ ነክታችሁትም ካመማችሁ፣ ያ ሄልሜት የናንተ አይደለም፤ በነጻ ቢሰጧችሁም።

ሻጩ ሁለት ቃል አለው፤ «ይለመዳል» እና «ይሰፋል»። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ጉንጭ ላይ ያለ ጥበት ይለመዳል። እንዲያውም አዲስ ሄልሜት ጉንጫችሁን ወደ ከንፈራችሁ ገፍቶ ሕፃን ካላስመሰላችሁ፣ ማስቲካ ስታኝኩ የጉንጫችሁን ውስጥ ካላስነከሳችሁ ሰፍቷችኋል ማለት ነው። በትክክለኛው ቦታ ጨመቅ ያልኩት ይህ ነው። የጉንጭ ስፖንጅ ወፍራም ስለሆነ ቦታ ይለቃል። ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ያለ ጥበት ግን አይለመድም። እዚያ ስፖንጁ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ፎም ነው፣ ፎም ደግሞ በጭንቅላት ሙቀት አይሰፋም።

አሁን «ያው ይዞራል» ያልከኝ ልጅ ና። 56 ሆነ። ያንተ ሄልሜት ኤል ነው፤ ሁለት ሳይዝ ዘለህ ነው የገዛኸው። ሱቅ ውስጥ ተመችቶህ ነበር አይደል? አጥልቀውና እሰር። ሄልሜቱን እኔ በሁለት እጄ እይዘዋለሁ፣ አንተ እንቢ እንደሚል ሰው ራስህን ግራና ቀኝ አዙር። እዩ፣ ሄልሜቱ ቆሟል፣ አፍንጫው ግን ውስጡ ይሽከረከራል። ልኩ ቢሆን ኖሮ የጉንጩና የግንባሩ ቆዳ ከስፖንጁ ጋር ይጎተት ነበር። ሁለተኛው ፈተና የኔን የአንኮበር መንገድ የሚመስለው ነው። ከኋላ፣ ማጅራቱ ጋ ያለውን ጠርዝ ይዤ ወደ ላይና ወደ ፊት እጎትታለሁ። ቀስ ብዬ... ይኸው፣ ወለቀ። ታስሮ ነው የወለቀው። ይህችን ፈተና ቤታችሁ ገብታችሁ በሚስታችሁ፣ በእህታችሁ፣ በማንም አስደርጓት። ጎትተው ካወለቁላችሁ አስፋልቱም ያወልቅላችኋል።

«ጋሼ፣ አዲስ መግዣ የለኝም» የሚል አለ፣ አውቃለሁ። የተወሰነ ማስተካከል ይቻላል። በብዙ ሄልሜቶች የጉንጩ ስፖንጅ በቁልፍ ጠቅ ብሎ ይወልቃል፤ ወፍራምና ስስ የሚሸጥላቸው አሉ። ካልተገኘ ከጉንጭ ስፖንጁ ጨርቅ ሥር ስስ ስፖንጅ በልኩ ቆርጦ መጨመር ይቻላል፤ ሁለቱንም ጎን እኩል። ይህ ጥቂት ለሰፋው ነው፣ ሁለት ሳይዝ ለሰፋው አይሠራም። የማይነካው ነጩ ፎም ነው። በማንኪያ ጀርባ ተጭነው ግንባሩ ጋ ጎድጓዳ የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ይመቻል፣ አልክድም። ግን ፎሙ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደቅ ብያችኋለሁ፤ እናንተ ራሳችሁ በማንኪያ አደቀቃችሁት።

ስልክ! ስልኩን ጉንጩና ስፖንጁ መሀል ሰክቶ እያወራ የሚነዳ እጁን ያውጣ። እናንተ ባታወጡም እኔ አይቻለሁ። ወሬው ሐሳብ መበተኑን ተዉት። አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስልክ በቀን ሠላሳ ጊዜ ስትሰኩበት በዚያ በኩል ያለው ስፖንጅ ይሞታል። ከዚያ ሄልሜቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ስልኩን ስታወጡት ይዞራል፣ ሲዞር ማሰሪያውን ትተዉታላችሁ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው።

አጠላለቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ ሰው «ጆሮዬን ያመኛል» የሚለው ጆሮው ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚቀር ነው። ሁለቱን ማሰሪያዎች ግራና ቀኝ ያዙ፣ ወደ ውጭ ለጥጡ፣ አፉ ይከፈታል፣ ከዚያ ወደ ታች ሳቡ። ከገባ በኋላ የፊቱ ጠርዝ ከቅንድባችሁ ከፍ ብሎ ይቀመጥ እንጂ ግንባራችሁን አያጋልጥ። መነጽር የምታደርጉ ሄልሜቱን አስቀድሙ፣ መነጽሩን በኋላ አስገቡ፤ እጀታው ቀጥ ያለ ቢሆን ይሻላል።

«ጋሼ፣ ሹሩባ ስሠራስ?» አልሽኝ መሰለኝ፣ አንቺ ከኋላ ያለሽው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሥልጠና ላይ ስለ ሴት ፀጉር ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ቀጭን ሹሩባ ወደ ኋላ ተኝቶ ከተሠራ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ጫፉ ማጅራት ላይ ሲጠቀለል ነው። ያ ጉብታ ሄልሜቱን ከኋላ ያነሳውና የፊቱን ዓይንሽ ላይ ይጥለዋል። ዝቅ አድርገሽ፣ ከሄልሜቱ ጠርዝ በታች እሰሪው። ሒጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጉ ስስ ጥጥ ይሁን፣ መርፌ ቁልፉ ከሄልሜቱ ሥር አይዋል፤ ስትወድቂ የሚገባው ወደ ውስጥ ነው። ስትለኪም ሁልጊዜ በምትነጂበት የፀጉር ሁኔታ ይሁን። ወንዶችም እንዳትኮሩ፤ ጎፈሬ ሆኖ የገዛ ልጅ ፀጉሩን ሲላጭ ሄልሜቱ ሰፍቶ ያገኘዋል።

ማሰሪያው። ለምን እንደማታስሩ አውቃለሁ፤ ስንፍና አይደለም። በቀን አርባ ቦታ ትቆማላችሁ፣ በየሕንፃው በር ጥበቃው «ሄልሜት አውልቅ» ይላችኋል። በሞተር የሚመጣ ሌባ ብዙ ሰው አስመርሯል፣ አልፈርድባቸውም። ግን አርባ ጊዜ መፍታትና ማሰር ያታክታል። ለዚህ ሥራ ሁለት ቀለበት ካለው ማሰሪያ ይልቅ ጥርስ ጥርስ ያለውና ጠቅ የሚለው ይሻላችኋል፤ በጓንትም ይፈታል። የቀለበቱን የያዛችሁ ጫፉን በሁለቱም ውስጥ አሳልፉ፣ ከዚያ በአንደኛው ላይ መልሱ። ለጌጥ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ብቻ የምትቆልፉ አላችሁ፤ እሷ ጫፉ እንዳይወዛወዝ ነው፣ ነፍስ አትይዝም። አገጭና ማሰሪያ መሀል ሁለት ጣት ይግባ፣ ሦስተኛው አይግባ። ቬትናም በ2007 እ.ኤ.አ. ሄልሜትን በመላ አገሪቱ ስታስገድድ ሰው ሁሉ አደረገ፣ ብዙው ግን አላሰረም። በኋላ ያላሰረም እንዳላደረገ ተቆጥሮ ይቀጣ ተባለ። ትክክል ናቸው እላለሁ።

አሁን ወደ በሩ ጠጋ በሉ፣ ሲጋራ የያዘ ካለ ይራቅ። በዚህች ስኒ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን አለ። ከዚያ ከተሰነጠቀው ሄልሜት ቁራጭ ፎም ልስጣት። እዩ... እዩ! አትንኩት። ስኳር ሻይ ውስጥ እንኳን እንዲህ ቶሎ አይሟሟም። አሁን ማን ነው ሄልሜቱን ቤንዚን ታንከሩ ላይ ደፍቶ የሚያድረው? ማን ነው ቅርፊቱን በቤንዚን ጨርቅ የሚያጸዳው? ታንከሩ ላይ ሄልሜቱ ባንድ ሌሊት አይሟሟም፣ ልዋሽ አልችልም። ግን የቤንዚን ተን ለፎሙም ለፕላስቲኩም ጠላት ነው፤ ክዳኑ የሚያፈስ ከሆነማ አይወራም። ስፖኪዮ ላይም አታንጠልጥሉት፤ የስፖኪዮው ጫፍ ውስጡን ፎም ይጎደጉደዋል፣ ነገ «ይወጋኛል» የምትሉት እሱን ሊሆን ይችላል። ውስጡን ጨርቅ አውልቃችሁ ለብ ባለ ውኃና በፀጉር ሻምፖ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። በላብና በአቧራ የደረቀ ጨርቅ ግንባር ይፍቃል፤ ግማሹ «ሄልሜቴ ያሳክከኛል» የሚለው ስሞታ እጥበት ነው መድኃኒቱ። ከሥር ስስ የጥጥ ቆብ ብታደርጉ እሷን በየቀኑ ታጥባላችሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ከነሷ ለኩ። የኔን የሱፍ ኮፍያ አስታውሱ።

ዕድሜውን በአጭሩ፤ ከወደቃችሁበት ቀይሩ፤ ካልወደቃችሁበትም ከተገዛ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ተሰናበቱት። ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ። የሰው ጉንጭ ያስተኛው ስፖንጅ ለናንተ አይመለስም፣ ስንቴ እንደወደቀም ሻጩ አይነግራችሁም።

ከኋላ የተቀመጥከው ወንድሜ የግዢ ሰው ነህ ብለውኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ለነዚህ ልጆች ሄልሜት ስትገዛ «26 ሄልሜት» ብለህ አትጻፍ። ዛሬ ከመሄድህ በፊት የ26ቱን ልክ ይዘህ ሂድ፤ ስንት ኤስ፣ ስንት ኤም፣ ስንት ኤል። ሁለት ፋብሪካ ብታመጣና ቢለኩት ደግሞ ለፓፓያውም ለብርቱካኑም ይደርሳል። ዋጋው ያው ነው። የሚጨምረው አንድ ወረቀት ነው።

20 ደቂቃ ሞላ? ሁለታችሁ አውልቁ እስቲ። አንተ ፓፓያው፣ ግንባርህን ዳብስ። ምንም? ጉንጭህንስ? ጨምቆሃል፣ እሱ ይለቅሃል። አንተስ ጆሮ ግንድህን? ትንሽ አለ? አሳየኝ... ይሄ እኩል መስመር ነው፣ ነጥብ አይደለም። ሳምንት ንዳበትና ደውልልኝ፤ ካልተመቸህ ሌላ ብርቱካን እንፈልጋለን።

በሉ፣ ሜትሩ ሁለት ነው፣ ሁለት ሰልፍ ያዙ። ስልካችሁን ከሄልሜቱ ውስጥ አውጡ፣ ኮፍያ ያደረጋችሁ አውልቁ። አንቺ ሹሩባዋ፣ ቅደሚ።